ዓርማ የሚታመነው በምንድን ነው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከከሰዓቱ ድምፅ አሰጣጥ በፊት የቀረበ ንግግር)



ከምሳ በኋላ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ላይ «የማኅበሩ ዓርማ ይለወጥ ወይስ ባለበት ይቀጥል?» በሚለው ጉዳይ ድምፅ እንሰጣለን። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ከዚያ በፊት ሃያ ደቂቃ እንድናገር ጠይቆኛል። በመጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ከመካከላችን አርክቴክቶች አሉ፣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጡ አሉ፣ የማስታወቂያ ድርጅት የከፈቱም አሉ። እኔ ግን የዓይን ሐኪም ነኝ። ሰብሳቢያችን «እነሱ የሚያምረውን ይነግሩናል፤ አንቺ ደግሞ የሚታየውን ንገሪን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኔ ሥራ ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ መለካት ነው።

ስለ ዓርማ በባዶ ሜዳ ከማውራት አንድ ምሳሌ ይዤ ልምጣ ብዬ አሰብኩ። የመረጥኩት የቢቢሲን የቴሌቪዥን ዜና ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ፕሮግራም ነው፤ መልኩን ደጋግሞ ለውጧል፤ እያንዳንዱ ለውጥም መቼና ለምን እንደተደረገ የታወቀ ነው። ደግሞም የምናውቀው ነገር ነው። የሕክምና ተማሪ የነበርን ሰዎች የተረኛ ሐኪሞችን ማረፊያ ክፍል ታስታውሳላችሁ። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያቺን ድምፅዋ የተቀነሰ ቴሌቪዥን ያላየ ማን አለ? ድምፁን ሳንሰማ፣ ከእንቅልፍ ጋር እየታገልን፣ የየትኛው ጣቢያ ዜና እንደሆነ በቀለሙ ብቻ እናውቅ ነበር። እንግዲህ ዓርማ ሥራውን ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ፊት የሌለው ዜና

ቢቢሲ የዕለት ዜናን በቴሌቪዥን ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1954 ነው። አንባቢው ሪቻርድ ቤከር ይባል ነበር። የሚገርመው ነገር ቤከር በዚያ ምሽት አልታየም። ድምፁ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ተመልካቹ የሚያየው ፎቶግራፍ፣ ካርታና ተንቀሳቃሽ ፊልም ነበር። ቴሌቪዥን ይዘው ሬዲዮ ሠሩ ማለት ነው።

ይህ የሆነው ካሜራ ጠፍቶ አይደለም። ኃላፊዎቹ የፈሩት የአንባቢውን ፊት ነበር። ስለ አንድ ሚኒስትር ሲያነብ ቅንድቡን ከፍ ቢያደርግ፣ ከንፈሩን ቢያጣምም፣ ዜናው አስተያየት ይሆናል ብለው ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሞኝነት አልመሰለኝም። ለታካሚ ክፉ ወሬ መንገር ያለበት ሐኪም ይህን ያውቃል። ውጤቱን ከመናገራችን በፊት ታካሚው ፊታችን ላይ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ የምንለውን ብዙም አይሰማም።

ሁኔታው ብዙ አልቆየም። በመስከረም 1955 የንግድ ቴሌቪዥን በእንግሊዝ ሊጀመር ሆነ፤ የእሱ ዜና አቅራቢዎች በስምና በፊት ሊቀርቡ ነበር። ቢቢሲም ቀደም ብሎ በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ አንባቢዎቹን ማሳየት ጀመረ፤ በመጀመሪያ የታየው ኬኔት ኬንዳል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዜና ዋናው ዓርማ የሰው ፊት ሆነ። ከጀርባ ያለው ሥዕል ቢለዋወጥም ተመልካቹ የሚያውቀው ፊቱን ነው።

የማን ፊት ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተፈታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ናን ዊንተን የምትባል ጋዜጠኛ የቢቢሲን አገር አቀፍ የቴሌቪዥን ዜና ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዓመት እንኳ ሳይሞላት አነሷት። የተሰጠው ምክንያት የተመልካች ጥናት ሴት የማታ ዜና ስታነብ ተቀባይነት እንደሌላት አሳየ የሚል ነበር። ሴት አንባቢ በቋሚነት እስክትቀመጥ ድረስ፣ ማለትም አንጄላ ሪፖን እስክትመጣ፣ 1975 ደረሰ። ልብ በሉ፤ ዊንተን ያነበበችው ወረቀት ወንዶቹ ያነቡት የነበረውን ያንኑ ወረቀት ነው።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሴት ሐኪሞች አሁን ፈገግ እንዳላችሁ ይታየኛል። ደረታችን ላይ ባጅ አለ፤ ባጁ ላይ «ዶክተር» ተብሎ ተጽፏል። መርምሬ፣ መድኃኒት አዝዤ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው አስረድቼ ስጨርስ፣ ታካሚዬ በትሕትና «እሺ ሲስተር፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። በሲስተርነት የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ያለ ሲስተሮቻችን አንድ ቀን አንውልም። ነገር ግን ሰው ባጁን ከማንበቡ በፊት ፊትን እንደሚያነብ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ለዓርማችን ጉዳይ የማነሣውም ለዚህ ነው። ምልክት ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ተመልካቹ ቀድሞ ይዞት የመጣውን ነገር ብቻውን አያሸንፍም። ጊዜና ድግግሞሽ ያስፈልገዋል።

ሰዓት ስም ሲሆን

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 1970 ቢቢሲ የምሽቱን ዜና «የዘጠኝ ሰዓት ዜና» ብሎ ሰየመው። በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ተፎካካሪው ጣቢያ ቀደም ብሎ በ1967 የአሥር ሰዓት ዜናውን በለንደኑ ትልቅ ሰዓት ደወል እየከፈተ ጀምሮ ነበር። ሁለቱም የያዙት ሐሳብ አንድ ነው፦ የፕሮግራሙ ስም ቀጠሮ ይሁን።

ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባለ ቀለም ሆነ። መንግሥት ተለወጠ፣ የድርጅቱ ስም ተለወጠ፣ ዓርማው ተለወጠ። በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ኮርፖሬሽን ሆኖ «ኢቢሲ» ተባለ። ሰው ግን «ኢቲቪ» ማለቱን አልተወም፤ እንዲያውም ድርጅቱ ራሱ በኋላ ቻናሎቹን «ኢቲቪ ዜና»፣ «ኢቲቪ መዝናኛ»፣ «ኢቲቪ ቋንቋዎች» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በየቤቱ የነበረውን ዓርማ ጠይቁኝና ልንገራችሁ፦ «የሁለት ሰዓት ዜና»። ዓርማው ይህ ነበር። ሳሎን ውስጥ ጫጫታ የሚቆመው፣ ልጅ የሚገሠጸው፣ እራት ከፍ ወይም ዝቅ የሚደረገው በእሱ ነው። ዜናው ላይ የሚባለውን ያልተቀበለም ሰው ቢሆን ሰዓቱን ያውቀዋል።

እንግሊዞቹም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2000 ዜናቸውን ወደ አሥር ሰዓት ሲያዛውሩ ስሙ አብሮ ተዛወረ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ስም ነው፤ ነገር ግን ከሰዓቱ ተለይቶ ቢቀር ውሸት ይሆን ነበር። ስሙ «ዘጠኝ» እያለ ዜናው በአሥር ቢመጣ ማን ያምነዋል? ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እመለስባታለሁ።

መስታወቱና ቀዩ ቀለም

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 ቢቢሲ የዜና ሰዓቶቹን ሁሉ አንድ መልክ አለበሳቸው። ሥራውን የሠራው ማርቲን ላምቢ ኔርን የሚባል የታወቀ ንድፍ ባለሙያ ነው። ከአንባቢው ጀርባ የሚታየው ትልቅ አዳራሽና ከመስታወት የተቀረጸ የሚመስለው የድርጅቱ ማኅተም በእውኑ ዓለም አልነበሩም፤ በኮምፒውተር የተሠሩ ነበሩ። አንባቢውና ጠረጴዛው እውነተኛ፣ ቀሪው ሥዕል። ግርማ ነበረው። ነገር ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ቤተ መንግሥት ገብቶ ወሬ እንደመስማት ያለ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1999፣ ያ መስታወት ተነሣ። በምትኩ ቀይና የወተት ዓይነት ነጣ ያለ ቀለም መጣ። ሙዚቃውም ተለወጠ፤ አዲሱን ያቀናበረው ዴቪድ ሎው ነው። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1924 ጀምሮ በሬዲዮ ሰዓት ሲሞላ የሚያሰማቸው ስድስት አጫጭር ድምፆች አሉ፤ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክልባቸው «ቲት፣ ቲት» የሚሉ። ሎው አዲሱን ዘመናዊ ሙዚቃ የገነባው በዚያ በሰባ አምስት ዓመቱ የሰዓት ምልክት ላይ ነው። ከበሮው አዲስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምት ግን አያቶቻቸው የሚያውቁት ነው። ስለዚህ ሰው ሙዚቃውን በመጀመሪያው ቀን ሲሰማው እንግዳ አልሆነበትም።

ሌላው ለውጥ የድርጅቱ የራሱ ዓርማ ነው፤ ሦስቱ ፊደላት በሦስት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡበት። ከ1997 በፊት ሳጥኖቹ ዘመም ያሉ ነበሩ፤ ከሥራቸውም ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ መስመር ነበራቸው። ያማሩ ነበሩ። ችግራቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰያፍ መስመር ባነስተኛ መጠን በስክሪን ላይ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ባለ ብዙ ቀለም ዓርማ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማተም ውድ ነው። በጥቅምት 1997 ሳጥኖቹ ቀጥ አሉ፣ መስመሮቹ ተነሡ፣ አንድ ቀለም በቃ። ፊደሉም ኤሪክ ጊል የሠራው፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ፊደል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ እንደገና ተለወጠ፤ በሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት ፊደላት ትንሽ አነሱ፣ በሳጥኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ሰፋ፣ የፊደሉ ቅርጽ ድርጅቱ ራሱ ያሠራው ሆነ። ብዙ ሰው ልዩነቱን ጭራሽ አላስተዋለም። «ይህን ለማድረግ ገንዘብ ማውጣት ምን ይባላል?» ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ። እንደ እኔ ግን ሳይታወቅ የሚያልፍ ለውጥ ጥሩ ለውጥ ነው። የዓይን መነፅር ስንቀይር ታካሚው «ዓለም ተለወጠብኝ» ካለ ልኩን ስተናል፤ «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ጠራልኝ» ካለ አግኝተነዋል።

ዓይን ምን ያህል ያያል?

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልግባ፤ በቁጥር አላሰለቻችሁም።

የዓይን ምርመራ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰሌዳው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ስኔለን ባዘጋጀው ልኬት ነው። ጤነኛ የሚባል ዓይን፣ እኛ 6/6 የምንለው፣ አንድን ፊደል በግድ ለመለየት ፊደሉ ከዓይኑ ላይ አምስት ደቂቃ አንግል መያዝ አለበት። አንድ ዲግሪ ስልሳ ደቂቃ ነው። በሚሊ ሜትር ልንገራችሁ። ስልካችንን አርባ ሴንቲ ሜትር ላይ ብንይዝ፣ ያ ፊደል ቢያንስ 0.58 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ዓይኑ ለደከመ፣ 6/18 ለሚያይ ሰው፣ ሦስት እጥፍ ማለትም 1.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ቴሌቪዥን ከሦስት ሜትር ላይ ለሚያይ ያው ሰው ደግሞ ከስክሪኑ ግርጌ የሚሮጠው ጽሑፍ 1.3 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይህ በግድ ለመለየት ነው፤ በምቾት ለማንበብ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በላቲን ፊደል አንድ ፊደል ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው በሙሉ ቅርጹ ነው። በእኛ ግን «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ ሌላዋ እግሩ ላይ። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጎን ሲቀመጥ እኩል መጠን መስጠት እኩል ማድረግ አይደለም። በየቴሌቪዥኑ ግርጌ የሚሮጠውን የአማርኛ ጽሑፍ እናቶቻችን ማንበብ አቅቷቸው «ምን ይላል?» ብለው የሚጠይቁን አንዳንዴ የእነሱ ዓይን ብቻ ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም።

አሁን የራሳችንን ዓርማ እንመልከት። ስክሪኑ ላይ ነው። መጽሐፍ አለ፣ ኩራዝ አለ፣ ተራራ አለ፣ የስንዴ ዛላ አለ፣ ማይክሮስኮፕ አለ። የሕግ ተመራቂዎቹ ሚዛን የት ሄደ ብለው እስከ ዛሬ ያኮርፋሉ። (ሣቅ) በዙሪያው የማኅበሩ ሙሉ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ 62 ፊደላት ናቸው። ይህ ዓርማ በቴሌግራም ገጻችን ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በምታህል ክብ ውስጥ ነው የሚታየው። የክቡ ዙሪያ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለ62 ስናካፍለው ለአንድ ፊደል ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ጤነኛው ዓይን እንኳ ከሚችለው በታች ነው። አርባን ላለፍን፣ ስልኩን ወደ ክንዳችን ጫፍ ለምናርቅ ሰዎችማ ተውት። ስማችንን ጽፈናል፤ ማንም አላነበበውም።

ቀለሙም ነገር አለው። አረንጓዴው ተራራ በቀይ መደብ ላይ ነው ያለው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አውሮፓውያን ወንዶች ላይ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ያህል ነው፤ በሌላው ሕዝብ አነስ ይላል እንጂ የትም አለ። ለእነሱ ተራራው የለም። ውድ መሣሪያ ሳያስፈልገን በራሳችን መፈተን እንችላለን፤ ዓርማውን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አንሡት። እዚያ ላይ የጠፋው ነገር ለብዙ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው።

ሊሰረቅ የሚችል ነገር

እስከ አሁን ያልኩት ነገር ሁሉ በጥሩ ንድፍ ይስተካከላል። የሚቀጥለው ግን በንድፍ አይስተካከልም፤ ለመናገር የተስማማሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ግላኮማ ያለባቸው አንዲት እናት ወደ ክሊኒኬ መጡ። ግላኮማ ምን እንደሚያደርግ ለማታውቁ፦ የዓይን ውስጥ ግፊት ሲጨምር የዕይታን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። አያምም። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ ሰውየው የሚያውቀው ብዙ ካለቀ በኋላ ነው። ያለቀው ደግሞ አይመለስም። በየቀኑ የዓይን ጠብታ ማድረግ የተረፈውን ያቆያል፤ ተአምር አይሠራም፣ ያቆያል። እኚህ እናት ለዓመታት ጠብታቸውን በሥርዓት የሚወስዱ፣ ከቀጠሮ የማይቀሩ ሰው ነበሩ። ለአምስት ወር ጠፉብኝ። ሲመለሱ የአንድ ዓይናቸው ዕይታ በጣም ጠቧል።

«ጠብታውን ምን አደረጉት እማማ?» አልኳቸው።

«ተውኩት እኮ፤ ዜናው ተናገረ» አሉኝ።

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ዓረብ አገር የምትሠራ ልጃቸው በቅንነት የላከችላቸው ምስል ነው። ላዩ ላይ የአንድ ታዋቂ ጣቢያ የዜና ዓርማ አለ፤ ቀለሙ ትክክል ነው፣ ከሥር ያለው ቀይ ማሰሪያ ትክክል ነው፣ የአቅራቢው ፎቶ ሳይቀር አለ። ጽሑፉ የዓይን ግፊትን «ከሥሩ ስለሚነቅል» ቅጠል ያወራል፤ ጠብታ የሚወስዱ ሰዎች ቶሎ እንዲያቆሙ ይመክራል። ጣቢያው እንዲህ ያለ ዜና አላቀረበም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ሥዕል ነው፤ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ አይመስለኝም።

እኚህ እናት ሞኝ አይደሉም። ማንበብ ይችላሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜና የሚከታተሉ ሰው ናቸው። ያደረጉት ዓርማ አድርጉ የሚለውን ነው፤ ምልክቱን አይተው አመኑ። ያ ጣቢያ በብዙ ዓመት ያጠራቀመውን አመኔታ አንድ ሌባ በግማሽ ሰዓት ወስዶ የእኚህን ሴት ዓይን ገዛበት።

ያን ቀን ማታ ብዙ አሰብኩ። ሊገለበጥ የሚችለው ምንድን ነው? ቀለሙ ይገለበጣል፣ ፊደሉ ይገለበጣል፣ ዛሬ ድምፁም ፊቱም ይገለበጣል። ያኔ በ1954 የፈሩት ፊት አሁን በኮምፒውተር የሚሠራ ነገር ሆኗል። ሊገለበጥ ያልቻለው አንድ ነገር ነው፦ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ቦታ መገኘት። ለእኚህ እናትም ከዚያ በኋላ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ «እማማ፣ ዜና ከሆነ በሁለት ሰዓት ይመጣል፤ ስልክ ላይ ብቻ ከመጣ እኔን ይጠይቁኝ።» አሁን እንደዚያ ያደርጋሉ። በወር ሁለት ሦስቴ ይደውላሉ። በአብዛኛው መልሴ «አይ እማማ፣ ጠብታዎን ይቀጥሉ» ነው። የጠበበው ዕይታቸው ግን አልተመለሰም።

ለከሰዓቱ ድምፅ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ ምን እንያዝ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ዓርማው ባንድ ጊዜ ተጥሎ ሌላ አይምጣ። የመጀመሪያው ኮሚቴ በእጁ የሣለው ነው፤ ብዙዎቻችሁ ጋዋናችሁ ላይ፣ ምስክር ወረቀታችሁ ላይ ይዛችሁታል። ሙሉው ዓርማ ለማኅተምና ለምስክር ወረቀት ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ለስልክና ለስክሪን ትንሽ ዓርማ ይሠራ፤ እሱ ላይ ኩራዙ ብቻ ይቅር። ከአምስቱ ምልክቶች ከሩቅ የሚለየው ኩራዙ ነው። ሙዚቃው ሲታደስ የሰዓቱ ምት እንደቆየ ሁሉ፣ የእኛም ኩራዝ ይቆይ። ስማችን በዙሪያው ሳይሆን ከጎኑ ይጻፍ፤ አማርኛው ተለቅ ብሎ። ቀለሙ አንድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አይውጣ። የቀረበው የዋጋ ማቅረቢያ እጃችሁ ላይ አለ። ይህን ሥራ በነፃ የሚሠሩ ልጆች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ አሁን ወደ መሬት እያዩ ነው። (ሣቅ)

አራተኛው ዋናው ነው። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አስታውሱ፤ ስሙ «ዘጠኝ» እያለ በአሥር ቢመጣ ማን ያምነዋል? ማኅበራችን የመማሪያ ወጪ ለሚቸገሩ ተማሪዎች በየወሩ የኪስ ገንዘብ እንሰጣለን ብሏል። ባለፈው ዓመት ገንዘቡ አንዳንድ ወር በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም በሚቀጥለው ወር ነው የደረሰው። እነዚህ ልጆች ወላጅ ጋ ደውለው የሚያስልኩ አይደሉም። ከካፌ ውጪ ሆኖ መማር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በቅርቡ በዎርድ ዙር ላይ አንዷን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበርን ታውቂዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ማንነቴን አታውቅም። «አዎ ዶክተር» አለችኝ፤ «ያ የሚዘገየው።»

ዓርማችን ለእሷ ይህ ነው። ኩራዙም ተራራውም አይደለም። የትኛውም ባለሙያ፣ የፈለገውን ያህል ብንከፍለው፣ ይህን አይለውጥልንም። የሚለውጠው ገንዘብ ያዡና የባንክ ፈራሚዎቹ ናቸው፤ እነሱም ጥፋተኛ ስለሆኑ አይደለም የማነሣው። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ነው የሚሠሩት፣ ሦስቱ ካልፈረሙ ገንዘቡ አይወጣም። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ አንቀጽ ማሻሻል የሚፈታ ነገር ነው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አቀርባለሁ። በተራ ቁጥር 4 ላይ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት «የተማሪዎች የኪስ ገንዘብ በየወሩ በ5ኛው ቀን ይከፈላል፤ ለዚህም ከሦስቱ ፈራሚዎች የሁለቱ ፊርማ ይበቃል» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ይቅደም። የሚደግፈኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ በምሳ ሰዓት በበሩ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙኛላችሁ። እሱ ካለፈ በኋላ ዓርማውን በፈለጋችሁት መንገድ ምረጡ፤ በአዲሱም በአሮጌውም ብትወስኑ እጄን አወጣለሁ።

 ደግሞ አርባን ያለፋችሁ ሁሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ግፊታችሁን ተለኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።